ቁልቁለት ላይ ግራ ቀኝ ነው

ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ሰሚራ የምትባል አዲስ የተቀጠረች የአሶሳ ልጅ፣ ጥላ ሥር ምሳ እየበላን ሳለ፣ "ጋሼ ይመር፣ ቆይ ግን ዶዘር ላይ ፍሪሲዮን ምን ያደርጋል?" ብላ ጠየቀችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ፊቷን ሳየው የምሯን ነው።

አልፈርድባትም። የምትነዳው ዶዘር የሚረገጥም የሚሳብም ፍሪሲዮን የለውም። አንዲት አጭር ዱላ በግራ እጇ ይዛ፣ በአውራ ጣቷ ነካ እያደረገች፣ ወደፊት ስትፈልግ ወደፊት፣ ወደኋላ ስትፈልግ ወደኋላ ትወስደዋለች። የምትነዳበት ክፍል አየር ማቀዝቀዣ አለው። ማታ ስትወርድ ልብሷ ላይ አቧራ እንኳ አይታይም። እኔ በእሷ ዕድሜ ከዶዘር ወርጄ ቤት ስገባ እናቴ በድምፄ ነበር የምትለየኝ።

"ለእሱ መልስ የምሳ ሰዓት አይበቃም" አልኳት።

"ጡረታ ይበቃላ! ይጻፉልና" ብላ ቆቧን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ይኸው ጡረታ ወጣሁና እየጻፍኩ ነው። የምጽፈው ግን ስለ ፍሪሲዮን ብቻ አይደለም። ፍሪሲዮን ያስተማሩኝን ሰውና እኔ ያደረግሁባቸውን ነገር ሳልጽፍ ብቀር፣ ሌላው ሁሉ ባዶ ወሬ ነው የሚሆንብኝ።

ወደዚህ ወደ አሶሳ አገር የመጣሁት ልጅ ሳለሁ ነው፣ ከወሎ፣ በሰፈራው ጊዜ። መንደራችን ስም አልነበራትም፤ በቁጥር ነበር የምትጠራው። መጀመሪያ ያየሁት ዶዘር የቀርከሃውን ጫካ እያስተኛ ለእርሻችን መሬት ሲመነጥር ነው። ሌላው ልጅ ሸሸ። እኔ እየተከተልኩ ዋልኩ። አባቴ "ይሄ ልጅ ገበሬ አይሆንም" ብለው ተስፋ የቆረጡብኝ ያን ቀን ነው ይባላል። ካደግሁ በኋላ በመንገድ ሥራ ድርጅት በረዳትነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ማሽን ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ናፍጣ መቅዳት ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፔሮል ላይ ስፈርም ስሜን ሦስት መስመር አስፍቼ ጽፌ የሒሳብ ሠራተኛዋ ተቆጥታኛለች።

ያኔ ዶዘሩ የጋሽ ሐሚስ ነበር። የድርጅቱ ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም፤ ነገር ግን ማንም "የሐሚስ ዶዘር" ሳይል አያልፍም። ጋሽ ሐሚስ የበርታ ሰው ናቸው። ዶዘር መንዳት የተማሩት በወጣትነታቸው ከኩርሙክ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ በእርሻ ሥራ ላይ ነው። አማርኛ የተማሩት ደግሞ እዚሁ ካምፕ ውስጥ፣ ከእኛው አፍ ነው። ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጉታል። "ሚስቴ መጣ፣ ምሳ አመጣ" ይላሉ። እኛ ጎረምሶቹ ከኋላቸው ሆነን እንደ እሳቸው እያወራን እንሳሳቅ ነበር። እሳቸው ሦስት ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ እኛ ሳቂዎቹ አንድ።

ዶዘር ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሰንሰለቱን ዙሪያውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ይዞሩታል። ከዚያ መስጊድ እንደሚገባ ሰው ጫማቸውን ያወልቁና በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። ይህን ያደረጉበትን ምክንያት ስጠይቃቸው፣ "ያ ወለዲ፣ ጫማ ውሸታም ነው። እግር ግን ይሰማል" አሉኝ፤ "ያ ወለዲ" ልጄ ማለታቸው ነው። እውነት ነው፤ የድሮ ዶዘር ሲታመም መጀመሪያ የሚነግረው ለእግር ነው። ሙቀቱም፣ ንዝረቱም፣ የሚፈታ ቡሎን ካለም በወለሉ በኩል ይመጣል።

አሁን ወደ ሰሚራ ጥያቄ ልምጣ። የዶዘር ሥራ ግማሹ ወደፊት፣ ግማሹ ወደኋላ ነው። አፈሩን ገፍተህ ትደፋለህ፣ ወደኋላ ትመለሳለህ፣ ደግመህ ትገፋለህ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደዚያው ነው። የእኛ ማሽን ዋና ፍሪሲዮን በእጅ የሚሠራ ረጅም ዘንግ ነበር። አቅጣጫ ለመቀየር መጀመሪያ በእሱ ሞተሩን ከማርሹ ታላቅቃለህ። ቀጥለህ ማሽኑ ፈጽሞ እስኪቆም ትጠብቃለህ። ሲቆም ማርሹን ወደኋላ ታስገባለህ። ከዚያ ዘንጉን ቀስ እያደረግህ ትመልሳለህ። ነገሩ ሁሉ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። ሰው ደግሞ መጠበቅ አይወድም። ማሽኑ ገና እየተንሸራተተ ማርሹን ከጨመርክበት ጥርሱ ይንጫጫል፤ ዘንጉን በችኮላ ከለቀቅህበት የፍሪሲዮኑ ሸራ ይቃጠላል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ያሸተተ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ጋሽ ሐሚስ ለመጠበቂያው ሰላምታ ነበራቸው። ፍሪሲዮኑን ሲያላቅቁ "ኬፍ?" ይላሉ፣ እንዴት ነህ እንደማለት። ሰንሰለቱ የመጨረሻዋን ንቅንቅ ብሎ ጸጥ ሲል ራሳቸው "ተማም"፣ ደህና ነኝ፣ ብለው ይመልሱና ማርሽ ይቀይራሉ። "እሷ ሳይመልስልህ ወደኋላ አትሂድ" ይሉኛል። እኔም ለመድኩት። በእሳቸው ማሽን ላይ የፍሪሲዮን ሸራ የሚቀየረው መካኒኩ ከነአካቴው እንዴት እንደሚቀየር ሲረሳው ነበር።

ከዋናው ሌላ ሁለት የማዞሪያ ፍሪሲዮኖች አሉ፣ የግራና የቀኝ። ዶዘር እንደ መኪና ክብ መሪ የለውም። ወደ ግራ ለመዞር የግራውን ዘንግ ትስባለህ። የግራው ሰንሰለት ከሞተሩ ይላቀቃል፣ የቀኙ መግፋቱን ይቀጥላል፣ ማሽኑም ወደ ግራ ይዞራል። ለቀኝም እንደዚያው። ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተማርኩና ዓለም ሁሉ የገባኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ጋሽ ሐሚስ ሻይ እየጠጡ፣ "ያ ወለዲ፣ እወቅ። ቁልቁለት ላይ ግራ ቀኝ ነው" አሉኝ።

"ግራ ግራ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"ላ ላ። ቁልቁለት ላይ ግራ ቀኝ ነው። ቀኝ ግራ ነው።"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ። በልቤ ግን አማርኛው ጠፍቶባቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሚስታቸውን "መጣ" የሚሉ ሰው ግራና ቀኝን ቢያምታቱ ምን ይገርማል? ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተውኩት።

ጊዜው ደረሰ። በኩርሙክ መንገድ ላይ ዳገት እየቆረጥን ሳለ የመንጃ ፈተናዬን እዚያው እንድወስድ ተወሰነ። ክረምቱ ሳይገባ መንገዱ ከታች ያለችው መንደር መድረስ ነበረበት፤ አንድ ተጨማሪ ኦፕሬተር ይፈለጋል። ፎርማኑና ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። በግራዬ የተቆረጠው ተራራ ነው፣ በቀኜ ገደል። ከገደሉ አፍ ላይ የመንደሩ ሰው ከሥሩ የሚሰበሰብበት ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ጋሽ ሐሚስ ከታች ቆመው ያዩኛል።

ቁልቁል ስወርድ ወደ ገደሉ ትንሽ የተጠጋሁ መሰለኝና ወደ ግራ ለመራቅ የግራውን ዘንግ ሳብኩ። ማሽኑ ወደ ቀኝ ሄደ። ይበልጥ ሳብኩት። ይበልጥ ወደ ቀኝ ሄደ።

ጋሽ ሐሚስ ከታች እየሮጡ ወደ ላይ መጡና ጮኹ፦ "ቀኝ! ቀኝ! ያ ይመር፣ ቀኝ!"

ገደሉ ያለው በቀኝ ነው። ሰውዬው ዛሬም ግራና ቀኙ ተምታታባቸው አልኩ። እንደውም እልህ ያዘኝና የግራውን ዘንግ በሁለት እጄ ሳብኩት። ዶዘሩ መንገዱን ለቀቀ፣ ወደ ገደሉ አዘነበለ፣ ማንጎውን ከወገቡ ሰብሮ በጉቶው ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ጉቶው ባይዘው ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ከዛፉ ሥር ሰው ባለመኖሩ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ማሽኑን ለማውጣት ሳምንት ፈጀ፣ ለመጠገን ደግሞ ወራት። ክረምቱ ገባ። መንገዱ መንደሯ ሳይደርስ ቆመ። የመንደሩ ሰዎች የተሰበረ ማንጓቸውን ዙሪያውን ቆመው ሲያዩት እኔ ከቆርቆሮ ቤቱ ጀርባ ተደብቄ አለቀስኩ።

አደጋው በደረሰ ማግስት ጠዋት ጋሽ ሐሚስ ጠሩኝ። አልተቆጡም። ሁለት ባዶ የቅባት ቆርቆሮዎች ሁለት ጫፉ ላይ እንደ ጎማ የተሰኩበት የቀርከሃ ዘንግ ይዘዋል። ተዳፋት ላይ አስቀመጡትና ሁለቱን ቆርቆሮዎች በሁለት ጣቶቻቸው ያዙ።

"ይሄ ጣት ሞተር ነው። ሜዳ ላይ ሞተር ሰንሰለት ይገፋል። ቁልቁለት ላይ ሞተር ሰንሰለት ይይዛል፣ እንዳይሮጥ። አሁን ግራውን ለቀቅኩት። ማን ሮጠ?"

የግራው ቆርቆሮ ቀድሞ ተንከባለለ። ዘንጉ ወደ ቀኝ ዞረ።

"ግራው ሮጠ" አልኩ። "ወደ ቀኝ ዞረ።"

"ታዲያ!" አሉና ዘንጉን አንስተው ሰጡኝ።

እንግዲህ ይህ ነው የገባኝ። ቁልቁለት ላይ ማሽኑን ክብደቱ ይነዳዋል፤ ሞተሩ መያዣ ይሆናል። የግራውን ፍሪሲዮን ስታላቅቀው የግራው ሰንሰለት መያዣ አጥቶ ይቀድማል፣ ማሽኑም ወደ ቀኝ ይዞራል። ወደ ግራ መሄድ የሚፈልግ ሰው የቀኙን መሳብ አለበት። "ቀኝ! ቀኝ!" ያሉኝ የቀኙን ዘንግ ሳበው ሲሉኝ ነበር። እንደታዘዝኩት አድርጌ ቢሆን ኖሮ ማሽኑም፣ ማንጎውም፣ መንገዱም ደህና ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴ ተቀመጠ። ከአባላቱ አንዱም ዶዘር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ፎርማኑ ሠራተኛው ሁሉ የሰማውን ተናገረ፤ ገደሉ በቀኝ ሳለ ሐሚስ "ቀኝ" እያሉ ይጮኹ ነበር አለ። ሰብሳቢው ጋሽ ሐሚስን ምን ማለታቸው እንደነበር ጠየቃቸው። ጋሽ ሐሚስ ተነሥተው፣ "ቁልቁለት ላይ ዶዘር... ግራ ቀኝ ነው" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ አላስቀጠላቸውም። ቁጭ አሉ።

ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "አሠልጣኙ ቀኝ ብለውሃል?"

"አዎ፣ ብለዋል" አልኩ።

"ከዚያ በፊትስ? ሲያስተምሩህ?"

"ግራ ቀኝ ነው ብለውኛል።"

እንደገና ተሳቀ። ከቃሌ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ግን የሁለቱን ቆርቆሮዎች ነገር አልተናገርኩም። በደንብ አውቀው ነበር፤ አማርኛዬም አፌ ላይ ነበር። ብናገር ጥፋቱ የእኔ ይሆንና ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ጋሽ ሐሚስ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አዩ። በቃለ ጉባኤው ላይ "አሠልጣኙ ግራና ቀኝን በአማርኛ ለይተው መግለጽ ባለመቻላቸው" ተብሎ ተጻፈ። ጋሽ ሐሚስ ከማሠልጠን ታገዱ። ከዚያ የባሰው ግን ቅጽል ስሙ ነው። ካምፑ ሁሉ "ሐሚስ ግራ-ቀኝ" ይላቸው ጀመር። በዚህ ክልል እንደ እሳቸው ዶዘር የሚነዳ ሰው አላየሁም፤ መጠሪያቸው ግን ግራና ቀኙን የማያውቅ ሰው ስም ሆኖ ቀረ።

እኔ ሥራዬን አላጣሁም። ባምባሲ ተመደብኩ። እዚያ ኦሮምኛ ተናጋሪው ረዳቴ ፍሪሲዮን ስመልስ "ሱታ፣ ሱታ" ይለኝ ነበር፣ ቀስ ማለት ነው፤ ቃሏን ወደድኳትና ሚስቴን እንኳ ለጋብቻ ስጠይቅ በእሷ ነበር የተመራሁት። ባምባሲ ላይ ሜትር ይዞ የሚዞር አንድ ኢንጂነር አለቃ ነበረን። የገፋሁትን አፈር በስንዝር ይለካል፤ አንድ ቀን በሜትሩ ተጠላልፎ ጭቃ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ግን በዓይኔ ግምት ያምን ጀመር። ከዚያ ቶንጎ ሄድኩ። የቶንጎ ዝናብ ሲጥል ዳገቱ ሁሉ ሳሙና ይሆናል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከበላዬ መንገደኛ የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ እኔ በቁልቁለቱ እየወረድኩ መንገዱን ስጠርግለት፣ ማሽኑ በቀኜ ወዳለው ገደል ይንሸራተት ጀመር። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ግራው ዘንግ ሄደ። ግራ ቀኝ ነው አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የቀኙን ሳብኩ። ዶዘሩ ወደ ተራራው ተጠጋ። ተሳፋሪው እልል አለ፤ አንዲት ሴትዮ ግንባሬን ሳሙኝ። መሳም ያለበት የማን ግንባር እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

በኋላ እኔም አሠልጣኝ ሆንኩ። ለልጆቹ ሁለት ቆርቆሮ በቀርከሃ ሰክቼ አሳያቸዋለሁ። "ጋሼ ይመር ሲያስረዱ ድንጋይም ይገባዋል" ይሉኛል። ለዚሁ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፣ በመስተዋት ተደርጎ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ወደ ጉባ አቅጣጫ ስዛወር ፍሪሲዮን የሌለው አዲስ ዶዘር ተረከብኩ፤ ለሁለት ወር ግራ እጄ የሌለውን ዘንግ አየሩ ላይ ስትፈልግ ትውል ነበር። ረዳቶቼ ትንኝ የማባርር መስሏቸዋል።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጋሽ ሐሚስን በየኢዱ ስኳር ይዤ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አንሥተን አናውቅም።

የጡረታ ወረቀቴን ለማስጨረስ የግል ማኅደሬ ሲወጣ ያ ቃለ ጉባኤ ከውስጡ ወደቀ። ቆሜ አነበብኩት። ቤት ገብቼ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሆነውን ሁሉ፣ የቆርቆሮዎቹን ነገር፣ ዝምታዬን ጻፍኩና ቃለ ጉባኤው እንዲታረም፣ ደብዳቤው ከእኔም ከጋሽ ሐሚስም ማኅደር እንዲያያዝ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሁለቴ አንብባ ማኅተም አደረገችበት። ቅጂውን ይዤ ወደ ጋሽ ሐሚስ ቤት ሄድኩ።

አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል። አጥሩ ጥግ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። አነበብኩላቸው። ስለ ማዞሪያ ፍሪሲዮን የጻፍኩት ዘንድ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ይሄ ረጅም ነው" አሉ። "አንብበህ ስትጨርስ ዶዘር ገደል ገብቷል።"

ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን አላስረዱም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አስረዳሁ። ሳቁ። እኔ ለዶዘር የሚበቃ አማርኛ ነበረኝ። ለኮሚቴ የሚበቃ አልነበረኝም።" ቀጥለውም፣ "አንተ ለሁለቱም ነበረህ" አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚያ ነው ያመመኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

ወዲያው ከስግደት የሚመለሱ ጎረቤቶች ሰላም ሊሉ ገቡ፤ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፣ አብዛኞቹ አማርኛ ብዙም አይገባቸውም። ጋሽ ሐሚስ "አንብብ፣ እንደገና። ይስሙ" አሉኝ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። እሳቸው አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ወደ በርታኛ እየመለሱ ይነግሯቸዋል። ቁልቁለቱን፣ ማንጎውን፣ "ቀኝ! ቀኝ!" ማለታቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወጣት ከፍ አለ። ሰዎቹ በእጃቸው ዘንግ እየሳቡ ያስመስላሉ፣ ይስቃሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ሽማግሌ በበርታኛ የሆነ ነገር አሉና ጋሽ ሐሚስን ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

"ጥፋቱ የአሠልጣኜ ሳይሆን የእኔ ነው" ከሚለው ዘንድ ደረስኩ። አነበብኩት። ጋሽ ሐሚስ ዝም አሉ። ሰዎቹ ጠበቋቸው።

"ቀጥል" አሉኝ።

"ይህን አልነገሯቸውም ጋሼ።"

"ጥፋት የሚባል ቃል በእኛ ቋንቋ የለም" አሉኝ፣ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ይዘው።

ዕድሜዬን ሙሉ ከበርታ ጎረቤቶች ጋር ኖሬያለሁ። ቃሉ እንዳለ አውቃለሁ። ወረቀቱን አጠፍኩና ወደ ሰዎቹ ዞሬ በተሰባበረ በርታኛዬ ራሴ ተናገርኩት። አንዲት አሮጊት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሳቁ፤ አነጋገሬ ላይ የተሳሳትኩት ነገር ነበርና፣ ቃል በቃል እየጎተቱ አረሙኝ።

እንዳረሙኝ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ፣ ደግሜ አልኩት።